በሁለት ቆርቆሮ መሃል

ሲንጀሬን ያቆምኳት ፊቷን ወደ ምሥራቅ፣
ሂርማታ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤት ሳትርቅ፤
በሁለት ቆርቆሮ መሃል፣ ስንዝር በማትሞላ
ክፍተት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጭጋግ ሳያጠላ፣
ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ፣ ቆሞ አገኘዋለሁ ማልዶ፣
ሰማያዊ ትከሻ፤ ያ ጋራ፣ ማይጉዶ።

በሜትሬ ለካሁት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፤
አራት ሴንቲ ወጣው። ሳቅሁ ብቻዬን ሆኜ።
ጋራን የሚያህል ነገር ለኪስ ከበቃማ
ምን ያስቸኩለኛል? የትም አይሄድማ።

ዕቅዱን ጽፌያለሁ በካላንደር ጀርባ፣ በጨርቅ ጠመኔ፤
እጅ ሲነካው ይጠፋል፤ ያም አይከፋም ለእኔ።

"አካም ቡልቴ" ይላል ነዚፍ አይሱዙውን አቁሞ፤
የናዳን መንገድ ጉድጓድ በየስሙ ያውቃል ደግሞ።
"መቼ ነው?" ይለኛል።
እኔም አነባለሁ።

መስከረም። አደይ ሜዳውን ያለ ልኬት ሲያለብስ፣
ሰማዩ ታጥቦ ሲሰጣ፣ የክረምቱ ጉም ሲመለስ።
መሄጃውስ ያኔ ነበር። ግን ጭቃው አልደረቀም፤
ደግሞ ዩኒፎርም አለ፤ ትምህርት ቤት አይጠብቅም።
መቶ ስልሳ ኮሌታ፣ ሦስት መቶ ሃያ እጅጌ፤
ቀና ስል ጥቅምት ነው፣ ክር ፈልጌ ፈልጌ።

ኅዳር ላይ እኔ ሳርፍ፣ ነዚፍ አያርፍም፤
ጀንፈል ይጭናል ሌት፣ አልጋ አይለይም።
"እስከ ጥር" ይላል "ከሰው አትቁጠረኝ"፤
ዓይኑ ራሱ ቀልቷል፤ ሊለቀም መሰለኝ።

ጥር። መንገዱ ደርቆ፣ ድንጋይ ድንጋይ ሲሸት፣
ወንዙን ሱሪ አጥፈው የሚሻገሩበት።
ግን ሰርግ ነው፤ ስድስት ሚዜ፣ ስድስት ዓይነት ወገብ፤
አንዱን ሳሰፋለት፣ አንዱ ይላል "ጠበብ"።

በየካቲት ጭሱ፣ ማሳው ሲመነጠር፣
ጋራው ይጠፋል።
ያለ ይመስል ነበር።

መጋቢት አንድ ሌሊት ዝናብ ጠብ ሲል ገና፣
በሳምንቱ ነጭ ነው፤ አበባ አወጣ ቡና።
ሽታው ሱቅ ይገባል፣ ጨርቅ ላይ ይተኛል፤
ሙንተሃ ሚስቴ ያኔ "ተነስ" ትለኛለች፣ እጇም ይጎትተኛል።
"ረመዳን ነው" ስላት፣
"ጋራ ይበላል ወይ?"
አለች። ክር ላስገባ ጎንበስ አልኩ፣ ፊቷን ሳላይ።

ግንቦት ላይ ሰው መጣ፣ ካስማና ገመድ ይዞ፤
መጋዘኑ ፈረሰ፤ ድንጋይ መጣ ተግዞ።
ደስ አለኝ መጀመሪያ። ክፍተቴ ሰፋች ብዬ!
አሥር ቀን ሙሉውን አየሁት፣ ከጫፍ ጫፍ፣ ቁጭ ብዬ።

ከዚያ ብረት ወጣ፣ የባሕር ዛፍ ርብራብ፣
ሰኔ አንደኛ ፎቅ፤ ከላዩ ላይ ዝናብ።
ጠዋት ጠዋት ለካሁ፦ ሦስት ሴንቲ። ሁለት።
አንድ ተኩል።
ብዙ ነው ያልኩት ጨርቅ፣ ጣቃው ሲገለበጥ፣
ለእጅጌ እንኳ እንደማይበቃ ያወቅሁት ሲቆረጥ።
አንድ ረቡዕ ማልጄ መስኮቴን ብከፍት
ብሎኬት ብቻ ነው። ብሎኬት በብሎኬት።

"መቼ ነው?" አለ ነዚፍ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳያስበው።
ሲንጀሬን አለበስኳት። "አሁን ነው" አልኩ፤ "ዛሬ ነው።"
"በሐምሌ? አብደሃል እንዴ? ጉም እንጂ ጋራ የለም፤
ከአሰንዳቦ ወዲያ መንገድ የሚባል አይገኝም።
ምን ልታይ ነው?"
"ማየቱንማ
አይቻለሁ" አልኩት፤ "ሃያ ሰባት ዓመት ከዚች ወንበር፤
ማየት ነው ያስቀመጠኝ። ባላየው ሄጄ ነበር።"

ሙንተሃ ጋቢና ገብታለች፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፤
(መቼ ገዛችው? አልጠየቅሁም። አዲስ ነው፤ አላየው ጭቃ።)

ሰርቦን አልፈን ዘነበ። የሚሠራው አንድ መጥረጊያ ነው።
ናዳ ላይ መኪናው ተወን፤ ነዚፍ ጎማውን ተሳደበው።
ወረድን። ፊት ለፊት ነጭ፣ ግራ ቀኝ ነጭ፣
የላም ደወል ብቻ፣ ከየት እንደሆነ የማይለይ፣ ጭልጭል የሚል እንደ ምንጭ።
ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ፤
የት ላይ ልያዘው? መለስኩት።

ከዚያ መሬቱ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ ከእግሬ ሥር ሽቅብ አለ፤
ሙንተሃ "አሁን?" አለች። ትንፋሿ ቀደም አለ።

ጋራውን አላየሁም።
ጉልበቴ ግን አወቀው።